«ለስላሳ» ወይስ «ልዝብ»? ሺራዝ ቀይ ወይን ጠጅን ቀምሶ ለመዳኘት ስለሚያስፈልጉ የአማርኛ ቃላት

1. መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ተርጓሚ፣ ከአውስትራሊያ በመጣ የሺራዝ ቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አጭር መግለጫ ወደ አማርኛ መልሶ እንድናይለት አቀረበልን። መግለጫው ከአምስት መስመር አይበልጥም። ትርጉሙም ጠጁን «ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ሙሉ ሰውነት ያለው፣ በርበሬ የበዛበትና ረጅም አጨራረስ ያለው» ይለዋል። እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው ሲታይ ከመዝገበ ቃላት የተወሰደ በመሆኑ ስሕተቱን በጣት ለማመልከት ያስቸግራል። ቃላቱ በአንድነት ሲነበቡ ግን የሚያስገኙት ሥዕል ጠርሙሱ ውስጥ ካለው መጠጥ ጋር አይገናኝም። የጠጅ ቤት ልማድ የሚያውቅ አንባቢ «ደረቅም ለስላሳም በአንድ ጊዜ እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በርበሬ የበዛበት መጠጥም ለመግዛት የሚነሣ ሰው ያለ አይመስለንም።

ጉዳዩ ግን ከፈገግታ የሚያልፍ ነው። ተርጓሚው እንዳጫወተን፣ አክስቱ ይህንኑ ትርጉም አንብበው «ለስላሳ ከሆነስ አይጎዳኝም» በማለት ከምሳ ጋር ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን አዙሯቸው ተኙ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የአልኮል መጠን በመቶ 14.5 ነበር። አክስቲቱ ያነበቡት አማርኛ እንደ አማርኛ ትክክል ነው፤ በጠጅ ቤት ቋንቋ «ለስላሳ» ማለት ኃይሉ ያልበረታ፣ ማሩ ገና ያልጠፋ ጠጅ ማለት ነውና። ጥፋቱ ስያሜውን ሳንመረምር ለተርጓሚው የተውንለት የእኛ፣ ማለትም የቃላት አጥኚዎች ነው።

ከዚህ የተነሣ በዚህ ጽሑፍ የወይን ጠጅ ቅምሻ ምን ዓይነት ቃላት እንደሚያስፈልጉት፣ አማርኛም ከጠጅና ከጠላ ባህሉ ምን ሊያበረክት እንደሚችል እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ሺራዝን፣ ያውም ዋጋው ለደመወዝተኛ የማይከብደውን ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ብዙው ተርጓሚ የሚገጥመው መግለጫ የዚህ ዓይነቱ ጠርሙስ መግለጫ ነው። ሁለተኛም፣ ውድ ጠርሙስ በስሙ ሲኮራ መጠነኛ ዋጋ ያለው ጠርሙስ ግን በቃላት ብቻ ራሱን የሚያስተዋውቅ በመሆኑ፣ በቃላት መሳሳትም በቃላት ማሳሳትም የሚበዛው በእርሱ ላይ ነው።

ነገሩን በወረቀት ብቻ ላለመፍታት ስንል ስምንት ሰዎች፣ ተርጓሚዎችና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን ስድስት ጠርሙሶችን ስማቸውን በወረቀት ሸፍነን ቀመስን። ይህ ጥናት ሊባል አይበቃም፤ ሆኖም ከታች ለምናቀርበው ሐሳብ አንዳንድ ምስክር ሰጥቶናል።

2. ስለ ስሙ

አንድ የወይን ዝርያ በሦስት ስም ይጠራል። በትውልድ አገሩ በፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ሸለቆ «ሲራ» ይባላል፤ የኤርሚታዥና የኮት ሮቲ ቀይ ወይን ጠጆች ከእርሱ ይሠራሉ። በአውስትራሊያ «ሺራዝ» ይባላል። በዚያው አገር እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ «ኤርሚታዥ» የሚለው የቦታ ስም ለዝርያው መጠሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ማክስ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. የጀመረው ታዋቂው የፔንፎልድስ «ግሬንጅ» እንኳ ለብዙ ዓመታት «ግሬንጅ ኤርሚታዥ» እየተባለ ሲሸጥ ቆይቶ፣ የኋለኛውን ቃል የተወው ከ1990 ዓ.ም. ምርት ጀምሮ ነው። የቦታ ስም ለዚያው ቦታ ምርት ብቻ ይሁን የሚለው ክርክር በአውሮፓና በአውስትራሊያ መካከል በስምምነት ያለቀው በዚሁ ዘመን ነው።

«ሺራዝ» የሚለው ስም ከፋርሷ ከተማ ስም ጋር በመመሳሰሉ ዝርያው ከዚያ መጣ የሚል አፈ ታሪክ ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን በካሊፎርኒያና በሞንፔሊዬ ተመራማሪዎች የተካሄደው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ እንዳረጋገጠው፣ የዝርያው ወላጆች «ዱሬዛ» እና «ሞንዴዝ ብላንሽ» የተባሉ የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ናቸው። ለቃላት አጥኚ ይህ የታወቀ ትምህርት ነው፤ የድምፅ መመሳሰል የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። ዝርያው ወደ አውስትራሊያ የተሻገረው ጄምስ በዝቢ እ.ኤ.አ. በ1832 ዓ.ም. ከአውሮፓ ባመጣቸው ቁርጥራጭ የወይን እንጨቶች አማካይነት መሆኑ በሰፊው ይጠቀሳል።

ዛሬ ሁለቱ ስሞች የትርጉም ልዩነት እያበጁ ነው። በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ «ሺራዝ» የሚል ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ የበሰለ ፍሬ፣ ከፍ ያለ አልኮልና ወፍራም አቋም ሲያመለክት፣ «ሲራ» የሚለው የፈረንሳዩን ፈለግ የተከተለ፣ ቀዝቀዝ ያለና ቅመም ቅመም የሚል ጠጅ መሆኑን ያመለክታል። በአገራችንም በዝዋይ አካባቢ በሚገኘው የካስቴል እርሻ የሚመረተው የ«ሪፍት ቫሊ» ወይን ጠጅ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ለዚሁ ዝርያ የመረጠው የፈረንሳዩን ስም ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱን ስሞች ወደ አንድ እንዳያጠቃልል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን እንዳለ እንዲያስተላልፍ እንመክራለን። የስሙ ምርጫ ራሱ መልእክት ነውና።

3. ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

ቅምሻ ሦስት ደረጃ አለው፤ ማየት፣ ማሽተትና መጎንጨት። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ የሚሆን ብርጭቆ ደንግጓል፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ሲሆን፣ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይቀዳበታል። የቀረው ባዶ ስፍራ ለሽታው ነው። የብርሌ ቅርጽም ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሆኖም ብርሌ እስከ አንገቱ ስለሚሞላ ይህን አገልግሎት አይሰጥም።

ቀይ ወይን ጠጅ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቢቀመስ ይመረጣል። በሞቃት ክፍል ውስጥ የቆየ ሺራዝ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫን ስለሚመታ ሌላውን ይሸፍናል፤ እጅግ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሽታው ይደበቃልና አፍ የሚያደርቀው ጠባዩ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ቀማሽ ብርጭቆውን አዙሮ ያሸታል፤ ትንሽ ተጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ያንገላታል፤ ከዚያም ይተፋል።

እዚህ ላይ አማርኛ ባለጠጋ ነው። «ቀመሰ» ጥቂት ወስዶ መሞከርን፣ «ተጎነጨ» አንድ ጊዜ አፍ መሙላትን፣ «አጣጣመ» ደግሞ ጣዕሙን በአፍ ይዞ መመርመርን ወይም መደሰትን ያመለክታል። ስለዚህ ለጠቅላላው ሥራ «ቅምሻ»፣ ለሠሪው «ቀማሽ»፣ በአፍ ውስጥ ለሚካሄደው ምርመራ «ማጣጣም» ቢባል አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

4. ስለ ዓይን

በቀለም በኩል የሚገጥመን ችግር የራሳችን ነው። በአማርኛ «ወይን ጠጅ» የመጠጥም የቀለምም ስም ነው፤ ቀለሙም በብዙው ተናጋሪ ዘንድ በቀይና በሰማያዊ መካከል ያለው ነው። እንግዲህ «ቀለሙ ወይን ጠጅ የሆነ ወይን ጠጅ» ማለት ምንም እንዳለማለት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ወጣት ሺራዝ በብርጭቆው ዳር የሚያሳየው ቀለም በትክክል ይህ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ጡብ ቀለም ያዘነብላል። «ዳሩ ገና ወይን ጠጅ ቀለም ነው» ቢባል ስለ ዕድሜው ይነግረናል። ስለዚህ ቃሉን ለቀለም ስንጠቀም «ቀለም» የሚለውን ሁልጊዜ ማስከተል፣ የታየበትን ስፍራም፣ መሐሉን ወይም ዳሩን፣ መጥቀስ ይገባል።

ዓይን ግን አሳሳች ዳኛ ነው። በቦርዶ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ለ54 የወይን ጠጅ ሳይንስ ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልሞ ባቀረበላቸው ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። ይህ ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ቀማሽ ከማሽተቱ በፊት ያየው ነገር ቃላቱን ይመርጥለታል፤ ቃላቱም ከተመረጡ በኋላ የሚሸተውን ይመሩለታል።

5. ስለ አፍንጫ

5.1. አራቱ የሽታ ስሞች፦ አማርኛ «ሽታ»፣ «ጠረን»፣ «መዓዛ»ና «ቃና» የሚሉ ቃላት አሉት። «መዓዛ» በጎውን ብቻ ይናገራል። «ጠረን» የአንድን አካል ወይም ነገር የራሱ የሆነውን ሽታ ያመለክታል። «ሽታ» በዕለታዊ ንግግር ወደ መጥፎው ያዘነብላል፤ «ይሸታል» ብቻ ሲባል ነቀፌታ ነው። «ቃና» ግን አፍንጫንና አፍን ያገናኛል። ሳይንሱ እንደሚያስረዳው በአፍ ጣዕም ብለን ከምንጠራው ብዙው፣ ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ የማይጥመው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ሽታ»ን ከነቀፌታ ነጻ የሆነ አጠቃላይ ስም፣ «መዓዛ»ን ለበጎ ሽታ፣ «ቃና»ን ደግሞ በአፍ ውስጥ ሽታና ጣዕም ሲጣመሩ ለሚሰጡት ስሜት እንድንወስን እናሳስባለን።

5.2. «ቅቤ ቅቤ ይላል»፦ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ አን ኖብልና ባልደረቦቿ የወይን ጠጅ ሽታ ስሞችን በመንኰራኵር መልክ አደራጅተው አቀረቡ። ዓላማቸው «ግሩም»፣ «ክቡር» የመሳሰሉ ሊመረመሩ የማይችሉ ቅጽሎችን ትቶ፣ ማንም ሰው አሽትቶ ሊያረጋግጣቸው በሚችሉ ነገሮች ስም መግለጽ ነው። የእንግሊዝኛው መንገድ በስሙ ላይ የቅጽል ቅጥያ መጨመር ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ይህን ለመመለስ ሲሉ «ቁንዶ በርበሬያዊ»፣ «ጭሳዊ» የሚሉ ቃላት ሲፈጥሩ አይተናል።

አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ሰዋስዋዊ መሣሪያ አለው። ስሙን ደግሞ «አለ» የሚለውን ግሥ ማስከተል ነው፤ «ጭስ ጭስ ይላል»፣ «ቅቤ ቅቤ ይላል»፣ «ውሃ ውሃ ይላል»። የዚህ አነጋገር ፍቺ ረቂቅ ነው። «ጭስ አለው» ስንል ነገሩ በእርግጥ መኖሩን እንናገራለን፤ «ጭስ ጭስ ይላል» ስንል ግን ምልክቱ እንደተሰማን እንጂ ነገሩ ስለ መኖሩ አንመሰክርም። ከባለቤቱ ወደ ተሰሚው ሲዞርም «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» እንላለን፤ ይኸውም ገና ያልመጣውን ነገር ጠቋሚ ስሜት ነው። የወይን ጠጅ ገላጭ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሺራዝ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ አልተጨመረም፤ የሚለው ግን ቁንዶ በርበሬ ነው። በጠርሙሱ መግለጫ ላይ «ቁንዶ በርበሬና ቸኮሌት አለው» ተብሎ የተተረጐመ ዐረፍተ ነገር አንባቢውን ስለ ቅይጡ ያሳስተዋል። ለሠንጠረዥና ለአጭር መዝገብ፣ ድግግሞሹ በሚረዝምበት ጊዜ፣ «የቁንዶ በርበሬ ቃና» ማለት ይቻላል።

5.3. የሺራዝ ዋና ዋና ሽታዎች፦ በመጀመሪያ ከላይ የጠቀስነው ቁንዶ በርበሬ ነው። ተርጓሚያችን «በርበሬ» ብሎ መመለሱ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በርበሬ ሲባል የአማርኛ አንባቢ የሚያስበው ቀዩንና የሚያቃጥለውን ነውና። የአውስትራሊያ የወይን ጠጅ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ይህን ሽታ የሚሰጠው «ሮተንዶን» የተባለ ውሁድ ነው፤ በሺራዝም በቁንዶ በርበሬም የሚገኘው አንድ ዓይነት ነው። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ለመታወቅ በአንድ ሊትር 16 የግራም ቢሊዮንኛ ያህል ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ከተፈታኞቹ ከአምስት አንድ ያህሉ፣ መጠኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ በልጦ በውሃ ውስጥ ሲቀርብላቸው እንኳ ምንም አልሸተታቸውም። በእኛም ጠረጴዛ ዙሪያ ከስምንቱ ሁለቱ ቁንዶ በርበሬውን ፈጽሞ ሊያገኙት አልቻሉም፤ አንዷ ለቃሉ ፍቺ የምትጽፈው አዘጋጅ ራሷ ነበረች። እንግዲህ ይህን ቃል በመዝገብ ስናሰፍር «ሁሉም ሰው አይሰማውም» የሚል ማስታወሻ ማከል ተገቢ ነው። ያልሸተተው ቀማሽ አላዋቂ፣ የሸተተውም አስመሳይ አይደለም። ሽታው ከቀዝቃዛ አካባቢ በሚመጣ ሺራዝ ይበረታል፤ ከሞቃት ሜዳ በብዛት በሚመረተው ርካሽ ጠርሙስ ላይ «ቅመማም» የሚል ማስታወቂያ ባየን ጊዜ አፍንጫችንን ማመን ይሻላል።

ሁለተኛው የፍሬ ሽታ ነው። የሺራዝ ፍሬ ጥቁር ፍሬ ነው፤ ፕሪምና የዱር እንጆሪ። «እንጆሪ» በገጠር በአጥር ሥር የሚበቅለውን እሾኻም ቁጥቋጦና ፍሬውን ሲያመለክት፣ በከተማ ግን በጭማቂ ቤት የሚሸጠውን ቀይ ፍሬ መጥሪያ ሆኗል። ሁለቱ በሽታ አይገናኙም። ስለዚህ ለሺራዝ «ጥቁር የዱር እንጆሪ» ብሎ ማብራራት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። በአውስትራሊያ የወይን እርሻዎች አጠገብ ባሕር ዛፍ በመብዛቱ የዛፉ ዘይት ወደ ፍሬው እንደሚደርስ፣ ለዛፎቹ የቀረቡት የወይን ተክሎችም ሽታውን አብዝተው እንደሚይዙ በጥናት ታውቋል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዚያው ከአውስትራሊያ ወደ እኛ የመጣ በመሆኑ፣ ይህን ሽታ ለመለየት የአማርኛ ተናጋሪን የሚቀድም ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ስሜቱ ይለያል። ለውጭው ጸሐፊ የባሕር ዛፍ ሽታ የትኩስነት ምልክት ነው፤ ለእኛ የጉንፋን መታጠኛ፣ የማገዶ ሸክምና የእንጦጦ መንገድ ነው። ቀማሾቻችን ከስድስቱ አንዱን ጠርሙስ በአንድ ድምፅ «ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል» ሲሉ፣ አምስቱ ይህን እንደ ጉድለት ቈጥረው ነጥብ ቀነሱ። ቃሉ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ከቃሉ ትዝታ የመጣ ነው። ስለዚህ የሽታ ስም ከፍርድ ተለይቶ መመዝገብ አለበት።

አራተኛው ከኦክ እንጨት የሚመጣው የቫኒላ፣ የቅርንፉድና የጭስ ቃና ነው። በውድ ጠጅ ይህ ከበርሜል ይገኛል፤ በመጠነኛ ዋጋ በሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ የኦክ ሳንቃ ወይም ስንጥር በብረት ጋን ውስጥ በመንከር ይገኛል። የጠላ ጋንን በወይራ ማጠን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንጨቱ ፍሬውን ከዋጠው «እንጨት እንጨት ይላል» እንላለን፤ ይህም ነቀፌታ ነው።

5.4. የጉድለት ሽታዎች፦ በሻጋታ ምክንያት ከቡሽ የሚመጣውን ብልሽት «ቡሽ የነካው» እንድንለው እናቀርባለን። «ቆርኪ» የሚለው ቃል ምንም እንኳ በድምፁ ለውጭው ቃል የቀረበ ቢሆን፣ በአማርኛ የብረት ክዳን ማለት ስለ ሆነ አይስማማም፤ እንዲያውም ርካሹ የአውስትራሊያ ሺራዝ በአብዛኛው በሚጠመዘዝ የብረት ክዳን ስለሚታሸግ ይህ ብልሽት እምብዛም አያገኘውም። ከአንዳንድ የእርሾ ዝርያ የሚመጣው የፈረስና የቆዳ ሽታ «በረት በረት ይላል» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ወደ ኮምጣጤ ለተለወጠው «ኮምጣጣ» የሚለው ቃል ይበቃዋል።

6. ስለ አፍ

6.1. «ደረቅ»፦ በጠጅ ቤት ጠጅ «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ»ና «ደረቅ» ተብሎ ይከፈላል። «ደረቅ» ማለት ማሩ ተብላልቶ ያለቀ፣ ኃይሉም የበረታ ማለት ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። በጠጅ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ችግር የለም፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። በወይን ጠጅ ግን «ደረቅ» የስኳር መለኪያ ብቻ ነው። በአውሮፓ ደንብ በሊትር ከ4 ግራም የማይበልጥ፣ አሲድነቱ ከፍ ሲል እስከ 9 ግራም የሚደርስ ስኳር ያለው «ደረቅ» ይባላል። ቃሉ ይያዝ፤ ነገር ግን የስኳር ሕመም ያለበት አንባቢ ሊተማመንበት ስለሚችል ተርጓሚው የአልኮሉን መጠን ለብቻው መጻፍን፣ ስኳሩም ከተገለጸ ቁጥሩን ማስተላለፍን እንዳይዘነጋ። በርካሽ ጠርሙሶች ላይ ጠጁን ለማለስለስ ጥቂት ስኳር የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነውና።

6.2. «መራራ»፣ «ጎምዛዛ»፣ «አኮማታሪ»፦ ታኒን ከፍሬው ልጣጭና ፍሬ የሚገኝ ውሁድ ሲሆን፣ ከምራቅ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ አፍን ያደርቃል፤ ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ወይም የከረረ ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ይህ የመዳሰስ ስሜት እንጂ ጣዕም አይደለም። በቅምሻችን መጀመሪያ ላይ በመልስ ወረቀቱ «መራራ» የሚል ዐምድ ብቻ አዘጋጅተን ነበር፤ ስሕተቱ የእኛ ነው። አራት ቀማሾች አፋቸውን የሚያደርቀውን ነገር የሚጽፉበት ቦታ አጥተው «መራራ» በሚለው ሥር አስቀመጡት፤ የቀሩት ባዶ ተዉት። ዐምዱን ለሁለት ከከፈልነው በኋላ ሁሉም ሁለቱን ለመለየት አልተቸገሩም። ቃሉ ሲጠፋ ስሜቱም ከመዝገብ እንደሚጠፋ በዚህ አየን።

«ጎምዛዛ» የሚለው ቃል ለዚህ ቢታሰብም መራራንና ሆምጣጣን ስለሚያደባልቅ አይመረጥም። «አኮማታሪ» ግን ሰውነትን ሰብሰብ፣ ጨምደድ ማድረግን ከሚያመለክተው ግሥ የወጣ በመሆኑ ስሜቱን በትክክል ይገልጻል።

6.3. «ልዝብ»፦ አኮማታሪነቱ ሻካራ ወይም የማይጎረብጥ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚያችን «ለስላሳ» ያለው ይህን የኋለኛውን ለመግለጽ ነበር። «ለስላሳ» ግን ሁለት ጊዜ የተያዘ ቃል ነው፤ በጠጅ ቤት ኃይል የሌለውን፣ በሱቅ ደግሞ አልኮል የሌለውን የጠርሙስ መጠጥ ይጠራበታል። ስለዚህ «ልዝብ» የሚለውን እናቀርባለን። ልዝብ ማለት ሻካራነቱ የተወገደ፣ የለዘበ ነው፤ ስለ ኃይልም ስለ ስኳርም ምንም አይናገርም። «ልዝብ፣ ነገር ግን ብርቱ» ማለት በአማርኛ ተቃርኖ የለውም፤ «ለስላሳ፣ ነገር ግን ብርቱ» ማለት ግን ጆሮን ይቈረቍራል። ሁለቱን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘንም።

6.4. «ሰውነት»ና «አጨራረስ»፦ የመጠጥን ክብደት በአፍ ውስጥ ለመግለጽ «ሙሉ ሰውነት ያለው» ማለት ቃል በቃል የተቀዳ ነው። ጠላን «ወፍራም»ና «ቀጭን» እንላለን፤ ይህ ይበቃል። ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቆየውን ስሜት «ቅሪተ ጣዕም» ብንለው፣ «ቅሪተ አካል» የሚለው የተለመደ ስያሜ መንገዱን ጠርጎልናል። «ረጅም» ከማለትም «የሚቆይ» ማለት ይቀናል።

7. ስለ ዳኝነትና ስለ ዋጋ

መግለጽና መፍረድ ሁለት ሥራዎች ናቸው። «አኮማታሪ ነው» መግለጫ ነው፤ «ጥሩ ነው» ፍርድ ነው፤ «ወደድሁት» ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ምስክርነት ነው። በዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. የወጣው የ20 ነጥብ ስሌት፣ ኋላም በሮበርት ፓርከር አማካይነት የተስፋፋው የ100 ነጥብ ስሌት ሦስቱን በአንድ ቁጥር ለማጠቃለል ይሞክራሉ። የቁጥሩ ጽናት ግን አጠያያቂ ነው። ሮበርት ሆጅሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ በካሊፎርኒያ የወይን ጠጅ ውድድር ዳኞች ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ እየተቀዳ በማያውቁት ሁኔታ ሲቀርብላቸው፣ በአንድ የሽልማት ደረጃ ውስጥ ጸንተው የተገኙት ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እኛም አንዱን ጠርሙስ በሁለት ብርጭቆ አቅርበን ከስምንቱ ሦስቱ ለሁለቱ የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል፤ ከሦስቱ አንዱ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው።

ዋጋም እንደ ቀለም አሳሳች ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከ6,000 በላይ ስውር ቅምሻዎችን ያጠና ሌላ ጽሑፍ፣ ሥልጠና የሌላቸው ጠጪዎች ዋጋውን ካላወቁ ውዱን በአማካይ አብልጠው እንደማይወዱ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርጉት አሳይቷል። በእኛም ጠረጴዛ ከሁሉ የተወደደው ከርካሾቹ ሁለተኛው ነበር። ከዚህ የምንማረው ርካሹ ከውዱ ይበልጣል ማለትን አይደለም። ርካሹ ሺራዝ በራሱ መመዘኛ ሊዳኝ ይገባዋል ማለት ነው፤ ፍሬው ንጹሕ ነው ወይ? አልኮሉ አያቃጥልም ወይ? ስኳሩ ጉድለትን ለመሸፈን የገባ ነው ወይ? እንጨቱ ፍሬውን አልዋጠውም ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በጥሩ አማርኛ ከተጠየቁ፣ ማንኛውም ጠንቃቃ ቀማሽ ሊመልሳቸው ይችላል።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ቅምሻ፦ መጠጥን በማየት፣ በማሽተትና በማጣጣም የመመርመር ሥራ።
ቃና፦ በአፍ ውስጥ ሽታና ጣዕም ተጣምረው የሚሰጡት ስሜት።
ደረቅ፦ ስኳሩ ተብላልቶ ያለቀ ወይም ያለቀ ያህል የሆነ፤ የአልኮልን ኃይል አያመለክትም።
አኮማታሪ፦ በታኒን ምክንያት አፍን የሚያደርቅና የሚጨመድድ፤ ከ«መራራ» ይለያል።
ልዝብ፦ አኮማታሪነቱ የማይጎረብጥ፤ ተቃራኒው «ሻካራ»።
ወፍራም፣ ቀጭን፦ በአፍ ውስጥ ክብደት ያለው፣ የሌለው።
ቅሪተ ጣዕም፦ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ የሚቆይ ቃና።
ቡሽ የነካው፦ ከቡሽ በመጣ የሻጋታ ሽታ የተበላሸ።

9. ማጠቃለያ

በመጀመሪያ የጠቀስነውን መግለጫ ተርጓሚው እንደገና እንዲህ መለሰው፤ «ስኳር የሌለው ደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ፤ ወፍራም፣ ልዝብና ብርቱ (አልኮል በመቶ 14.5)፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል፤ ቅሪተ ጣዕሙ የሚቆይ።» «ስኳር የሌለው» የሚለውን ግን ስኳሩ በቁጥር ስላልተገለጸ እንዲሰርዘው ነገርነው፤ «ደረቅ» ብቻ ይበቃል። የተቀረውን ለአክስቱ ቢያነብላቸው «ብርቱ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አቁመውት፣ «ይህንን ያኔ ብትጽፈው ኖሮ አንድ ብርጭቆ ይበቃኝ ነበር» አሉት። ስለ አንድ ስያሜ ትክክለኛነት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንጠይቅም።

ያልተፈታ ጥያቄም አለ። የወይን ጠጅ ተፈላጊ አሲድነት፣ ማለትም ጠጁን ሕያው የሚያደርገው፣ በአማርኛ ከብልሽቱ ከ«ኮምጣጣ» የሚለይበት በቂ ስም አላገኘንለትም። «አሲድነት» የኬሚስት ቃል ነው፤ «ሎሚ ሎሚ ይላል» ደግሞ ሽታን እንጂ ጣዕምን ብቻ አይናገርም። በጠጅ ጣዮችና በጠላ ጠማቂዎች ዘንድ ለዚህ የሚነገር ቃል ያጋጠማቸው አንባብያን ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣዋለን።